ቀለበት መውጋት ወይስ ፊት ለፊት መግጠም? ጃውስቲንግ ለማየትም ለመማርም ለሚያስብ ሰው

ሜሪላንድ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ቅዳሜ ጃውስቲንግ አለ፣ ልጆችህን ይዘህ ና» አለኝ። ጃውስቲንግ በፈረስ እየጋለቡ በጦር የሚደረግ የድሮ የአውሮፓ ጨዋታ ነውና እኔ የታየኝ ከአናቱ እስከ እግር ጥፍሩ ብረት የለበሰ ሰው፣ የሚያሽካካ ፈረስና የሚሰባበር ጦር ነው። ስንደርስ ሜዳው ላይ ያሉት ጂንስ ሱሪ የለበሱ ወንዶችና ሴቶች ናቸው። ከእንጨት ቅስት ላይ በነጭ ክር የተጠቀለለች ትንሽ የብረት ቀለበት ተንጠልጥላለች። ፈረሰኛው እየጋለበ ይመጣና የጦሩን ጫፍ በቀዳዳዋ ያሾልካል፤ ወይም ስቶ ያልፋል። ትንሹ ልጄ «አባዬ፣ የሚጋጩት መቼ ነው?» እያለ እስኪመሽ ነዘነዘኝ።

ጥፋቱ የኔ ነው። በአንድ ስም የሚጠሩ አራት አምስት የተለያዩ ነገሮች መኖራቸውን ሳላውቅ ነው የሄድኩት። ከዚያ ወዲህ ደጋግሜ አይቻለሁ፣ አንብቤያለሁ፣ ራሴም ፈረስ ላይ ወጥቼ ሞክሬ ወድቄያለሁ። ለማየትም ሆነ ለመማር ሐሳቡ ያላችሁ ሰዎች ምርጫውን እንድታውቁት የገባኝን ልጻፍ። ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የሰላም ጋሻና የጦርነት ጋሻ

ምርጫው ድሮም ነበረ። በ1390 በሰሜን ፈረንሳይ ካሌ ከተማ አጠገብ ሴንት ኢንግልቨር በሚባል ቦታ ሦስት የፈረንሳይ ፈረሰኞች፣ ቡሲኮ፣ ሬኖ ደ ሯ እና ዣን ደ ሴንፒ፣ ለ30 ቀን «የመጣ ይምጣ» ብለው ሜዳ ያዙ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ያኔ ለጊዜው ጦርነቱን አቁመው ነበር፤ የመዋጋት አምሮቱ ግን አልቆመም። በድንኳናቸው አጠገብ ሁለት ዓይነት ጋሻ ተሰቅሏል፦ የሰላምና የጦርነት። ለመግጠም የመጣ ሰው የፈለገውን ጋሻ ይነካል ወይም ያስነካል። የሰላሙን ከነካ በደነዘ ጦር ይገጥማል፤ የጦርነቱን ከነካ በተሳለ። ባሕር ተሻግረው የመጡት እንግሊዞች በአብዛኛው የነኩት የጦርነቱን ነው። ሦስቱ ፈረንሳዮች ግን ሁሉንም ገጥመው በሕይወት ወጡ። ቡሲኮ ከ25 ዓመት በኋላ በአዠንኩር ጦርነት ተማርኮ እንግሊዝ አገር እስረኛ ሆኖ ሞተ።

በሁለቱ ጋሻዎች መካከል ያለውን ልዩነት የሚሠራው የጦሩ ጫፍ ነው። የጦርነቱ ጫፍ ሹል ብረት ነው፤ ይበሳል። የሰላሙ ዘውድ ይመስላል፤ ሦስት ወይም አራት አጫጭር ጥርሶች አሉት። ጥርሶቹ ጋሻውን ነክሰው ስለሚይዙ ጦሩ ሳይበሳና ሳይንሸራተት ኃይሉን በሙሉ ያሳርፋል። ስለዚህ «የሰላም» የሚለው ስም አያታላችሁ። ሰውየው ላይበሳ ይችላል፣ ከኮርቻው ግን ተነቅሎ ሊሄድ ይችላል።

ጀርመኖች ደግሞ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ልዩነቱን በሁለት ስም ለይተውት ነበር። ጌሽቴክ የሚባለው በደነዘው ዘውድ ጫፍ የሚደረገው ነው። ለእሱ የሚለበሰው ጥሩር (የብረት ልብስ) ከ40 ኪሎ ሊበልጥ ይችላል፤ ጦር ሜዳ የሚለበሰው ከ20 እስከ 25 ኪሎ ገደማ ነበር። የራስ ቁሩ ከፊት እንደ እንቁራሪት አፍ የወጣ ነው። ፈረሰኛው ወደ ፊት ካላጎነበሰ በቀጭኗ ክፍተት ምንም አያይም። ሊጋጩ ጥቂት ሲቀር አገጩን ቀና ያደርጋል፤ ክፍተቷ ወደ ሰማይ ትዞርና ስባሪ ዓይኑ ውስጥ አይገባም። ይህም ማለት በመጨረሻዋ ቅጽበት ሰውየው ዕውር ነው። ሬነን የሚባለው ደግሞ በሹል ጦር፣ ቀለል ባለ ጥሩርና ለጦር ሜዳው በሚቀርብ የራስ ቁር የሚደረግ ነው። ጨዋታውን ከማንም በላይ የወደደው ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን ቀዳማዊ፣ በትክክል ሲመታ በብረት ሞላ (ስፕሪንግ) ተፈትቶ ወደ አየር የሚበተን ጋሻ ሳይቀር ነበረው። ያው ለተመልካች ትርኢት ነው፤ የዛሬዎቹ ብቻ ትርኢተኞች የሚመስሉት ሰው ካለ ይህን ያስታውስ።

ፊት ለፊት ሲገጥሙ ምን ይሆናል

መሠረቱ ቀላል ነው። ሁለቱ ፈረሰኞች ሲተላለፉ እያንዳንዱ ተጋጣሚውን በግራው በኩል ያደርጋል። ጦሩ በቀኝ ብብት ተይዞ ከፈረሱ አንገት በላይ ወደ ግራ ሰያፍ ይዘረጋል። ጦር በእጅ አይወረወርም፣ በክንድም አይገፋም። የሚመታው ፈረሱ ነው፤ ሰውየው ጫፉን ቦታው ላይ ያደርሳል እንጂ። ከ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በጥሩሩ ደረት ቀኝ በኩል ጦሩን የሚደግፍ የብረት ቅንፍ ገባ፤ የምቱ ጉልበት ከክንድ ወደ ደረት ብረቱ ተላለፈ። ኮርቻው ከኋላ ከፍ ያለና ወገብ የሚይዝ ነው። እርካቡም ሙሉ እግር የሚያስገባ መሆን አለበት፤ በእኛ አገር እንደ ነበረው በአውራ ጣት ብቻ በሚያዝ እርካብ ይህን ምት መቋቋም አይታሰብም።

መጀመሪያ ላይ በመካከላቸው ምንም አልነበረም፤ ፈረስ ከፈረስ ይላተም ነበር። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሜዳው መሀል ጨርቅ መዘርጋት ተጀመረ፣ ቆይቶ የእንጨት አጥር ሆነ። አጥሩ የመጣው ከሰው ይልቅ ለፈረስ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ ትርኢት ስታዩ መጀመሪያ የምትፈልጉት እሱን ይሁን። አጥር ካለ ፈረሶቹ ቀጥ ባለ መስመር ይሮጣሉ፣ ፈረሰኛውም ሐሳቡን ጦሩ ላይ ያደርጋል።

ነጥቡስ? በእንግሊዝ በ1466 ባላባቱ ጆን ቲፕቶፍት የጻፋቸው ሕጎች እስከ ዛሬ ይጠቀሳሉ። ተጋጣሚውን ከፈረስ የጣለ ይቀድማል፤ ጦሩን በትክክል የሰበረም ይቆጠርለታል፤ ፈረስ የመታ ግን ሽልማት የለውም። ጦር መስበር ለምን ያስከብራል ብላችሁ እንደሆነ፣ የተሰበረ ጦር በደንብ እንዳረፈ ምስክር ስለሆነ ነው። የተንሸራተተ ጦር አይሰበርም።

አደጋውን ላድበስብሰው አልፈልግም። የእንግሊዙ ሄንሪ ስምንተኛ ጥር 24 ቀን 1536 ግሪንዊች ላይ ከነፈረሱ ወደቀ፤ ከዚያ በኋላ ወደ ውድድር ሜዳ አልተመለሰም። የፈረንሳዩ ሄንሪ ሁለተኛ ሰኔ 30 ቀን 1559 ፓሪስ ውስጥ በሰርግ ድግስ ላይ ከገብርኤል ደ ሞንጎምሪ ጋር ሲገጥም የተሰበረው ጦር ስንጣሪ በራስ ቁሩ ክፍተት ገባበት። ከአሥር ቀን በኋላ ሞተ። ሁለቱም በዘመናቸው ገንዘብ የሚገዛው ምርጥ ጥሩር ነበራቸው።

ዛሬ ለማየት፦ ተውኔት፣ ባልሳ፣ ወይስ ደረቅ እንጨት

ልጆች ላላቸው መጀመሪያ የሚመጣው እራት እየተበላ የሚታየው ትርኢት ነው። እኛ አካባቢ ሀኖቨር፣ አሩንደል ሚልስ የገበያ ማዕከል ያለው ሜዲቫል ታይምስ ነው። ክፍላችሁ በቀለም ይለያል፣ የቀለማችሁን ፈረሰኛ ትደግፋላችሁ፣ ዶሮውን ያለ ሹካና ቢላ በእጃችሁ ትበላላችሁ። (ለሐበሻ ይህ ብርቅ አይደለም። በጾም ወቅት ከሆነ ግን ዶሮ የሌለበትን ምግብ አስቀድማችሁ እዘዙ፤ የማይጾመው ጎረቤታችሁ ፊት ለፊታችሁ ሲግጥ ማየት ፈተና ነው።) ግጥሚያው የተጠና ተውኔት ነው፤ ማን እንደሚያሸንፍ ፈረሰኞቹ ያውቃሉ። ግልቢያው ግን የምር ግልቢያ ነው፣ ፈረሶቹም በደንብ የተገሩ ናቸው። ውድድር እጠብቃለሁ የሚል ሰው ያዝናል፤ ሕፃን ይዞ የሄደ ሰው አያዝንም።

ሁለተኛው ክራውንስቪል ላይ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ቅዳሜና እሁድ የሚደረገው የሜሪላንድ ሬኔሳንስ ፌስቲቫል ነው። እዚያ ጃውስቲንጉ ከብዙ ነገሮች አንዱ ነው፤ ዘፈኑ፣ የእጅ ሥራው፣ ሕዝቡ የለበሰው ልብስ ራሱ ትርኢት ነው። ጃውስቲንጉን ብቻ ፈልጋችሁ ከሄዳችሁ ለትኬቱ ይቆጫችኋል፤ ቀኑን ሙሉ ልትዞሩ ከሆነ ግን ዋጋው አይከብድም።

እውነተኛ ውድድር የሚፈልግ ሰው ሊለየው የሚገባው የጦሩን እንጨት ነው። በአውሮፓ ብዙ ቦታ የሚወዳደሩት ጫፉ ባልሳ ከሚባል በጣም ቀላል እንጨት በተሠራ ጦር ነው። ሲያርፍ ብትንትኑ ይወጣል፣ ድምፁ ያስደነግጣል፣ ምቱን ግን ራሱ ይበላዋል። ስለዚህ ፈረሰኛው የድሮውን ቅርጽ በትክክል የተከተለ ጥሩር ለብሶ በአንድ ቀን ደጋግሞ መግጠም ይችላል። ሁለተኛው ወገን፣ በተለይ በሰሜን አሜሪካ የሚታየው፣ ድፍን የእንጨት ጦር ይጠቀማል። እንጨቱ ቶሎ ስለማይሰበር ጉልበቱ በሙሉ ወደ ሰውየው ይሄዳል። መውደቅ ይበዛል፣ ስብራትም እንዲሁ።

የኔ ፍርድ ወደ ባልሳው ያደላል። ደረቁ ከባድ ነው፣ ወንድነትም ይመስላል፤ ግን ሰው ሲወድቅ ለማየት የምትሄዱ ከሆነ ከጦር አያያዙ ምንም ሳታዩ ትመለሳላችሁ። ባልሳ ላይ ጫፉ የት እንዳረፈ በዓይን ይታያል፣ ተመልካችም ዳኛ ይሆናል። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ሊድስ ውስጥ ያለውን የሮያል አርመሪስ ሙዚየም አትለፉት። ከሄንሪ ስምንተኛ ጥሩሮች አንዳንዶቹ እዚያ ናቸው፤ ሰውየው በ1520 እና በ1540 በለበሳቸው መካከል ወገቡ ምን ያህል እንደሰፋ ብረቱ ይናገራል።

ቀለበቱ

ልጄን ያሰለቸው፣ እኔን ግን የያዘኝ ይህ ነው። ጃውስቲንግ ከ1962 ጀምሮ የሜሪላንድ ይፋዊ ስፖርት ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሃያ ዓመት የኖረ ሐበሻ ሳይቀር ይህን ስነግረው «አትቀልድ» ይለኛል። የሚደረገው ደግሞ ግጥሚያ ሳይሆን ቀለበት መውጋት ነው። መንገዱ 80 ያርድ፣ ወደ 73 ሜትር ነው። ሦስት ቅስቶች እኩል ተራርቀው ይቆማሉ፤ ቀለበቶቹ ከመሬት ሁለት ሜትር ከፍ ብለው ይንጠለጠላሉ። ፈረሰኛው መንገዱን በ8 ሰከንድ ገደማ መጨረስ አለበት። ብታሰሉት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በሶምሶማ የሚደረስበት አይደለም። ሦስት ጊዜ ይጋልባል፣ ስለዚህ ሁሉንም ያገኘ ዘጠኝ ቀለበት ይይዛል። እኩል የወጡ ካሉ ቀለበቱ እያነሰ ይሄዳል። ለጀማሪ ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነው ቀለበት ለባለሙያዎቹ መለያ እስከ 6 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የባቄላ ፍሬ የማታሾልክ ቀዳዳ ማለት ነው።

ከቅርብ ሆናችሁ ስታዩት ሌላ ነገር ነው። ጦሩ ቀጭን ነው፣ ጫፉ እንደ መርፌ ይሾላል። ፈረሰኛዋ ከኮርቻው ትንሽ ብድግ ትልና ጉልበቷን እንደ ሞላ አድርጋ ትሄዳለች፤ ከወገቧ በታች ያለው ሁሉ ይነቃነቃል፣ ጦሩ ግን አየር ላይ የተሰካ ይመስላል። ቀለበቷ ስትወጋ ጠቅ የምትል ትንሽ ድምፅ አለች። ከዚያ ጦሩን ቀና ስታደርገው ቀለበቷ ተንሸራታ ወደ እጇ ትወርዳለች። ወንድና ሴት እኩል ይወዳደራሉ፤ አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅም አዋቂ ልጓም ይዞለት ይገባል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ይቆጨኛል። ተወዳዳሪዎቹ የሚጠሩት በራሳቸው ስም አይደለም፤ «የእገሌ እርሻ ፈረሰኛ»፣ «የእገሌ ቀዬ ፈረሰኛ» እየተባሉ ነው። አስተዋዋቂው እንዲህ እያለ ሲጠራ የመጣብኝ የእኛ የፈረስ ስም ነው፦ አባ ታጠቅ ቴዎድሮስ፣ አባ ዳኘው ምኒልክ፣ አባ ነፍሶ ባልቻ። ዝምድና አለው ማለቴ አይደለም። ፈረስ ላይ የወጣ ሰው ሌላ ስም እንደሚያምረው ግን ሁለቱም አገር ገብቶታል።

«እኛ ጉግስ አለን፣ ይሄ ምን ያስደንቃል?» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ጉግስ ሌላ ጥበብ ነው። በጉግስ አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ያሳድዳል፤ ዘንግ ይወረወራል፣ የሚሸሸው ጋሻውን ወደ ኋላ አዙሮ ጀርባውን ይመክታል። ችሎታው ማሳጠፍ፣ ማምለጥ፣ ፈረሱን በአንድ ቦታ ማዞር ነው። በጃውስቲንግ ማምለጥ ነውር ነው፤ ፈረሱም ቀጥ ብሎ እንዲሮጥ እንጂ እንዲታጠፍ አይፈለግም። ጥምቀት ላይ ጉግስ ሲጫወት ያደገ አጎት አለኝ። የቀለበቱን ቪዲዮ ሳሳየው ሁለቴ ደገመውና «ይሄማ ሽልማቱ ለፈረሱ ነው የሚገባው» አለኝ። ልክ ነው።

አውሮፓ የምትሄዱ ከሆነ

ጣሊያን አሬጾ ላይ በሰኔና በመስከረም መጀመሪያ ፒያሳ ግራንዴ በሚባለው ተዳፋት አደባባይ የሚደረገው ጆስትራ ዴል ሳራቺኖ ቀለበትም ሰውም አይወጋም። የሚወጋው የሚሽከረከር ምስል ነው። በግራ እጁ ከ1 እስከ 5 ነጥብ የተጻፈበት ጋሻ፣ በቀኙ ጫፉ ኳስ ያለው ጅራፍ ይዟል። ጋሻውን መትቶ የዘገየ ፈረሰኛ ጅራፉ ጀርባው ላይ ያርፋል። የከተማዋ አራት ሰፈሮች ይወዳደራሉ፣ አሸናፊው ወርቃማ ጦር ይሸለማል። የሰፈር ፉክክሩ እንደ እግር ኳስ ደርቢ ነው፤ ስለዚህ ከየትኛው ወገን እንደተቀመጣችሁ እወቁ።

ክሮኤሺያ ውስጥ ሲን የምትባል ከተማ በነሐሴ መጀመሪያ አልካ ይደረጋል። በ1715 ኦቶማኖችን የመለሱበት መታሰቢያ ነው፤ ዩኔስኮም በ2010 መዝግቦታል። ዒላማው ቀለበት በቀለበት ውስጥ ነው፤ መሀሉን የወጋ 3 ነጥብ ያገኛል፣ በዙሪያው ያሉት ክፍሎች 2 እና 1 ናቸው። የሜሪላንዱን የወደደ ሰው አልካን ይወዳል፤ ወግና ልብስ የሚወድ ደግሞ አሬጾን ይምረጥ። በአንድ በጋ ሁለቱን ማየት የሚችል ቢኖር ግን እኔን ይዞ ይሂድ።

ለመማር

እዚህ ላይ ጥርጥር የለኝም፤ በቀለበት ጀምሩ። ብረት አያስለብስም፣ ጦሩ ቀላል ነው፣ ስትስቱ የሚጎዳው ኩራታችሁ ብቻ ነው። ፊት ለፊት መግጠም የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ ልጓሙን በአንድ እጅ፣ ያውም በግራው፣ ይዞ ሳያስብ መጋለብ አለበት። ይህ የወራት ሳይሆን የዓመታት ጉዳይ ነው።

እኔ ይህን ሳልሰማ አልቀረሁም፣ አልታዘዝኩም እንጂ። አንድ የፈረስ ማሠልጠኛ «በአንድ ቀን ናይት (የድሮ ፈረሰኛ) ሁን» የሚል ማስታወቂያ አውጥቶ አየሁና ከፈልኩ። ለሩብ ሰዓት ፈረስ ላይ አስቀምጠው በእርምጃ አዙረውኝ ከሦስት ሜትር የማያንስ ጦር አስጨበጡኝ። ጦሩን ዝቅ ሳደርገው ጥላው በፈረሱ ግራ ዓይን በኩል አለፈ። ፈረሱ በረገገ። እኔም እንደ ማንኛውም ያልተማረ ሰው ልጓሙን ሳብኩ፣ ጦሩን ግን አልለቀቅኩም። ጫፉ መሬት ሲነካ እኔን ከኮርቻ አንስቶ አስቀመጠኝ። ማንም አልገጠመኝም፤ ራሴን በራሴ ጣልኩ። ትከሻዬ ለስድስት ሳምንት አልተነሳም።

ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ ስለ ጦሩ ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ፈረሱ ጠይቁ። ይህ ፈረስ ጦር ለምዷል? በዓይኑ አጠገብ እንጨት ሲያልፍ ዝም ይላል? ያለ ጦር ስንት ጊዜ ታስጋልቡኛላችሁ? «ዛሬውኑ» ያለ ሰው ካለ አመስግናችሁ ውጡ። ደህና አሠልጣኝ መጀመሪያ ፈረሱን ሳይሆን እናንተን በእግራችሁ ያስሮጣችኋል፤ ጦር ይዛችሁ ወደ ቀለበቱ ትሮጣላችሁ፣ ሰው ይስቅባችኋል። ከዚያ ፈረስ ላይ በእርምጃ፣ ከዚያ በሶምሶማ። በኋላ ያገኘኋት አሠልጣኝ ያረመችኝ አንድ ነገር ነበር፦ ዓይኔ የጦሩን ጫፍ ይከተላል። «ጫፉን እርሺው፣ ቀለበቱን እዪ» ስትል ከኔ በፊት ለነበረችው ልጅ ሰምቼ ነበር፤ ለኔ ስትደግመው ግን እንደ አዲስ ሆነብኝ። ክር መርፌ ውስጥ የሚያስገባ ሰው እጁን አያይም። ያን ቀን ከዘጠኝ አንድ ወጋሁ፣ ያውም ፈረሱ በእርምጃ እየሄደ።

የጉግስ ልምድ ያለው ሰው የመቀመጡን ነገር ጨርሶታል፤ የሚቀረው አለመታጠፍን መማር ነው። ጀርባውን ወይም አንገቱን የሚያመው ሰው ደግሞ ቀለበቱ ላይ ይቆይ፣ የባልሳውን ምት አይሞክረው።

ለማየት ብቻ ለምትፈልጉ፣ ካልቨርት ካውንቲ ፖርት ሪፐብሊክ ውስጥ ያለችው ክራይስት ቸርች ግቢ ውስጥ በነሐሴ የመጨረሻ ቅዳሜ የቀለበት ውድድር የማድረግ የቆየ ልማድ አለ። ቀኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፣ ታጣፊ ወንበርና ኮፍያ ያዙ፣ ከመጨረሻው ቅስት ጎን ተቀመጡ፤ ሦስተኛዋ ቀለበት ላይ ነው ብዙው ሰው የሚስተው። ልጄን ዘንድሮ እንደገና ልወስደው ጠየቅኩት። የዶሮውን ቤት መረጠ።